«ተማሪ አይነካኝም»፦ ስለ ዩሮሎጂ ሬዚደንት የሚወራውና እውነታው

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ግቢ፣ ከደባርቅ፣ ከዳባት ወይም ከጃናሞራ ሽንት አልወርድ ያላቸውን አባታቸውን ይዘው የመጡ ልጆች ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት ሲቀርባቸው ቅር ይላቸዋል። «ይሄ እኮ ተማሪ ነው፤ በአባባ ሊለማመድባቸው ነው» ይባላል።

ወጣቱ የዩሮሎጂ፣ ማለትም የሽንት አካላት ቀዶ ሕክምና፣ ሬዚደንት ነው፤ ለስፔሻሊስትነት ይሠለጥናል። ተማሪ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ሐኪም የሆነ ተማሪ ነው። የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ፣ የመጨረሻውን ዓመት በኢንተርንነት ከዋርድ ዋርድ ሲዞር ከርሞ፣ ዶክተር ተብሎ፣ የሙያ ፈቃድም አውጥቷል። ብዙዎቹ በጠቅላላ ሐኪምነት ካገለገሉ በኋላ ነው አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ተፈትነው ለስፔሻሊቲ የሚመደቡት።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ደረጃ በደረጃ ነው። ጀማሪው ሬዚደንት መጀመሪያ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምናን መሠረት ይይዛል፤ ድንገተኛ የሆድ ሕመም፣ አደጋ፣ ቁስል። ሌሊት ዲዩቲ ያድራል፤ ጠዋት ሌሊት ያየውን ታካሚ ሁሉ ጉዳይ በሲኒየሮቹ ፊት ቆሞ ያስረዳል፤ የተሳሳተውም እዚያው ይታረማል። ሽንት ለተዘጋባቸው አባት ቱቦ ማስገባት የእሱ ሥራ ነው። ቱቦው አልገባ ካለ ከእምብርት በታች ወደ ፊኛ የሚገባውን ቱቦ የሚተክለው እሱ ወይም ከእሱ የሚበልጠው ሬዚደንት ይሆናል። የጠጠርና የፕሮስቴት ቀዶ ጥገና የሚመጣው ዓመታት በረዳትነት ከቆመ በኋላ ነው፤ ያም ቢሆን ኃላፊነቱ የሲኒየሩ ነው። በዚህ ላይ የጽሑፍና የቃል ፈተና፣ የምርምር ጽሑፍም አለበት።

ስጋቱ ግን ጨርሶ መሠረተ ቢስ ነው አልልም። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሬዚደንት ይደክማል። ስለዚህ የታካሚ ቤተሰብ ሊያሳስበው የሚገባው የሬዚደንቱ ተማሪነት ሳይሆን ከኋላው ማን እንዳለ ነው።

«ስፔሻሊስት ማለት ውጭ አገር የተማረ ነው» የሚለው ድሮ ብዙም ስህተት አልነበረም። ጎንደር ራሷ በእኤአ 1954 የጤና ኮሌጅ ስትከፍት ዓላማው ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ወደ ገጠር መላክ ነበር፤ የሐኪሞች ትምህርት የተጀመረው በእኤአ 1978 ከጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ዛሬ ግን የዩሮሎጂ ስፔሻሊስቶች እዚሁ አገር ውስጥ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ በሚገኙት ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች፣ ይሠለጥናሉ። ቅዱስ ጳውሎስ በእኤአ 2015 በአገሪቱ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተካሄደበት ሆስፒታል ነው።

የሥልጠናው ርዝመትም ቢሆን ከውጭው ብዙ የሚለይ አይደለም። ኢትዮጵያ መሥራች አባል የሆነችበት፣ በእኤአ 1999 የተቋቋመው የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሁለት ዓመት መሠረታዊ ቀዶ ሕክምና፣ ሦስት ዓመት ደግሞ ልዩ ሥልጠና፣ በድምሩ አምስት ዓመት ይጠይቃል። በአሜሪካም አምስት ወይም ስድስት ዓመት ነው።

«ዩሮሎጂ የወንዶች ሕክምና ነው» የሚሉም አሉ። ጠጠርና የፊኛ ካንሰር ሴትን አይምሩም። ምጥ ረዝሞባቸው ፊስቱላ የደረሰባቸው የደጋ እናቶች ሽንታቸው ሳይታወቃቸው የሚፈሰው በፊኛና በሴት ብልት መካከል ቀዳዳ ስለተፈጠረ ነው፤ ይህን መጠገን የማህፀን ሐኪሙም የዩሮሎጂስቱም ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚያደናግረው «የኩላሊት ሐኪም» የሚለው አጠራር ሳይሆን አይቀርም። ኔፍሮሎጂስት ከውስጥ ደዌ ሕክምና ተነስቶ በመድኃኒትና በዲያሊስስ ያክማል። ዩሮሎጂስት ቀዶ ሐኪም ነው፤ ጠጠር ያወጣል፣ ዕጢ ይቆርጣል፣ የተዘጋ ይከፍታል። የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው የዩሮሎጂ ወረፋ ይዞ ቢውል ጊዜውን ያባክናል። ሽንቱ የተዘጋበት ሽማግሌ ደግሞ «እርጅና ነው» ብሎ ቤቱ ከቆየ ሽንቱ ወደ ላይ ተመልሶ ኩላሊቱን ሊጎዳው ይችላል።

የስምምነት ቅጹ ላይ ከመፈረምዎ በፊት «ቀዶ ጥገናውን ማን ይሠራዋል? ኃላፊው ሲኒየር ማነው?» ብለው ይጠይቁ። መጠየቅ መብትዎ ነው፤ በደንብ የሠለጠነ ሬዚደንትም አይከፋበትም።