የባለጸጎች ድሪቶ

ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከትራስ ልብስ የሚያንስ አንድ የበፍታ ጨርቅ አለ። ቁመቱ 42፣ ወርዱ 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ውሻ፣ ሚዳቋ፣ አንበሳና በሰንሰለት የታሰረ ድብ ተጠልፈውበታል። ፊደላትም አሉበት፤ አሊስ ሊ የምትባል ሕፃን በ1596 ኖቬምበር ወር፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ መወለዷን የሚናገር ጽሑፍም አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሠሪዋ ስምና ዓመቱ ሰፍሮበታል፦ ጄን ቦስቶክ፣ 1598። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዓመት ከተጻፈባቸው የእንግሊዝ የጥልፍ ናሙናዎች መካከል ከዚህ የሚቀድም እስካሁን አልታወቀም።

ጨርቁን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሌላም ነገር ያገኛል። ባዶ በሚመስል ቦታ ላይ ጥቃቅን የመርፌ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ቀዳዳዎቹ ሲከተሏቸው ግንብ የተሸከመ ዝሆን ይሆናሉ። ዝሆኑ አንድ ጊዜ ተጠልፎ ነበር፤ በኋላ ክሩ ተተርትሮ ወጣ። ጥልፍ የሞከረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ከመጥለፉ መተርተሩ የሚበዛበት ቀን አለ።

እንዲህ ያለው ጨርቅ በእንግሊዝኛ ሳምፕለር ይባላል። ስሙ የመጣው «ምሳሌ» ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ በአማርኛ የናሙና ጨርቅ ቢባል ያስኬዳል። የጥልፍ ንድፍ የያዘ መጽሐፍ እንደልብ በማይገኝበት ዘመን አንዲት ሴት ጎረቤቷ ቤት ያየችውን አዲስ ጥልፍ እንዳትረሳው ወዲያው ጨርቋ ላይ ትሞክረዋለች፤ ከዚያ ጠቅልላ ከመርፌና ከክሯ ጋር ታስቀምጠዋለች። ያ ጨርቅ ማስታወሻ ደብተሯ ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን የነበሩት ናሙናዎች እንደ መቀነት ጠባብና ረጃጅም የሆኑት በፍታ ውድ ስለነበረና ለመጠቅለልም ስለሚመች ነው። ነገሩ የእንግሊዞች ፈጠራም አይደለም፤ ከእነሱ የሚቀድሙ፣ በማምሉክ ገዢዎች ዘመን የተሠሩ የግብፅ ናሙናዎች ዛሬም በሙዚየሞች ይገኛሉ።

በ18ኛው መቶ ዘመን ናሙናው ከእመቤቶች እጅ ወጥቶ ወደ ተማሪ ቤት ገባ። የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጃገረዶች ፊደልና ቁጥር በመስቀለኛ ስፌት እንዲጠልፉ ይደረግ ነበር። ምክንያቱ ጌጥ ብቻ አልነበረም። ባለጸጋ ቤት አንሶላውና ፎጣው ብዙ ስለሆነ እያንዳንዱ ጨርቅ የባለቤቱ ስም መነሻ ፊደልና ተራ ቁጥር ይጠለፍበታል፤ አጣቢዋም የማን እንደሆነ ትለያለች፣ አንሶላዎቹም በየተራ ይነጠፋሉ። ፊደል መጥለፍ የምትችል ልጅ ሥራ ታገኝ ነበር። አገራችን ውስጥ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የትራስ ልብስ ጠልፋ ለአስተማሪዋ ያሳየች ሴት የእነዚያን ልጆች ጭንቀት ለመረዳት አይከብዳትም። ፊቱ ያማረ ጥልፍ ሲገለበጥ ጀርባው የክር ጫካ ሆኖ መገኘቱ በየትም አገር ያስቆጣል።

ከእነዚህ ሁሉ ናሙናዎች አንዱ ግን ጌጥ የሚባል ነገር የለውም። አበባ የለበት፣ ወፍ የለበት፤ ከላይ እስከ ታች በቀይ ሐር፣ በመስቀለኛ ስፌት የተጠለፈ ጽሑፍ ብቻ ነው። የሠራችው በ1813 በእንግሊዝ ሰሴክስ ውስጥ የተወለደች ኤልዛቤት ፓርከር ናት፤ ጊዜውም 1830 አካባቢ ነው። መጻፍ ስለማትችል በመርፌ እንደምትናገር በመግለጽ ትጀምራለች። አባቷ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ እሷም በ13 ዓመቷ ሞግዚት ሆና ሰው ቤት ገባች። በአሠሪዋ የደረሰባትን ግፍ፣ ራሷን ለማጥፋት እስከማሰብ መድረሷን፣ ጸጸቷንና ጸሎቷን ያለ ነጥብ ያለ ፋታ ትዘረዝራለች። ስለ ነፍሷ ዕጣ ፈንታ እየጠየቀች ሳለ መርፌዋ በመሃል ቆመ። ከዚያ በታች ያለው ጨርቅ ባዶ ነው።

ለምን አቆመች? ያንን ማንም አልነገረንም። የሚታወቀው ግን ሕይወቷ በዚያ አለመቆሙ ነው። በኋላ አስተማሪ ሆነች፤ በ1889 በ76 ዓመቷ አረፈች። የመስቀለኛ ስፌት ከባድ አይደለም፤ ሁለት ሰያፍ ክር ማቋረጥ ነው። አንድ ፊደል ግን በርካታ መስቀሎች ይወስዳል። የአንድ ቃል ቁጣ ጨርቁ ላይ እስኪሰፍር ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ያሰበ ሰው ጽሑፉን በሌላ ዓይን ያነበዋል።

አሁን ውቅያኖስ እንሻገር። በ1876 አሜሪካ የነጻነቷን መቶኛ ዓመት ፊላዴልፊያ ላይ በታላቅ ዐውደ ርእይ አከበረች። በስድስት ወር ውስጥ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ጎብኚ ገባ። ብዙውን ሰው ያስደነቀው የጃፓን ማሳያ ነበር። አውሮፓና አሜሪካ ግራና ቀኙ የተመጣጠነ ጌጥ የለመዱ ናቸው። ጃፓኖች ግን ቅርንጫፉን ወደ አንድ ጎን አድርገው ሌላውን ወገን ባዶ ይተዉታል፤ በአንዳንድ የሸክላ ዕቃዎቻቸው ላይ ያለው መስተዋት መሰል ቅብም ሆን ተብሎ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ነው። በዚያው ዐውደ ርእይ በ1872 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የንጉሣዊው የጥልፍ ትምህርት ቤት ሥራዎቹን አሳይቶ ነበር። የጃፓኑ ስንጥቅና የእንግሊዙ ጥልፍ በአሜሪካ ሴቶች አእምሮ ተገናኙና ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ነገር ወለዱ፤ በእንግሊዝኛ ክሬዚ ኪልት፣ ቃል በቃል «እብድ ድሪቶ» የሚባለውን። ስያሜውን ከእብደት ይልቅ ከተሰነጣጠቀው የሸክላ ቅብ ጋር የሚያያይዙት አሉ።

ድሪቶ የሚለው ቃል በአማርኛ የድህነት ሽታ አለው። የተቀደደውን በተቀደደ ጨርቅ ደርቶ ብርድን ማሳለፍ ነው። ይህኛው ድሪቶ ግን የባለጸጎች ነበር። ጨርቁ ሐር፣ ከፋይና ሳቲን ነው፤ ቁርጥራጩ ቅርጽ የለውም፣ አንዱ ሦስት ማዕዘን፣ አንዱ አምስት፣ ሌላው ስም የለሽ። ከባል ክራባት፣ ከሠርግ ልብስ፣ ከባርኔጣ ሪባን ይቆረጣል። የሲጋር እሽግ የሚታሰርበት ቢጫ የሐር ሪባን እንኳ ይሰበሰብ ነበር። የሐር ፋብሪካዎችም ነገሩ ገበያ እንዳለው ሲያዩ ቁርጥራጭ በፓኬት አሽገው በመጽሔት ማስታወቂያ በፖስታ መሸጥ ጀመሩ። ድህነትን ለመምሰል ገንዘብ የወጣበት ዘመን ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አብዛኞቹ በመሃል ጥጥ ስለሌላቸው ሙቀት አይሰጡም፤ ከፋይና ሐርም እንደ ተራ ጨርቅ አይታጠብም። ስለዚህ ድሪቶው አልጋ ላይ አይተኛም፤ እንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ ሶፋ ላይ ተጥሎ ይታያል። እንግዳው የሚያየው ደግሞ ጨርቁን ሳይሆን ጥልፉን ነው። ሁለት ቁርጥራጭ በተጋጠመበት ስፌት ሁሉ ላይ ቢጫ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ የሐር ክር ይሄዳል፤ በየመሃሉ ማራገቢያ፣ ጉጉት፣ አበባና የሸረሪት ድር ይጠለፋል። የሸረሪቷ ድር መልካም ዕድል ያመጣል ይባል ነበር። ልብስ ሰፊ ሊሸሽገው የሚጥረው መጋጠሚያ እዚህ ዋናው መታያ ሆነ፤ የዚህ ጥበብ ብልሃቱም ውበቱም ይኸው ነው።

ጥልፎቹ ሲታዩ የሚቆጠሩ አይመስሉም። ሚስጥሩ ግን ከሚታሰበው ያንሳል። የላባ ስፌት የሚባለውን እንውሰድ፤ በእብድ ድሪቶ ላይ እንደ እሱ የሚዘወተር ጥቂት ነው። ክሩ ከጨርቁ ሥር ወደ ላይ ይወጣል። መርፌዋ ክሩ ከወጣበት ነጥብ በስተቀኝ፣ በዚያው ከፍታ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃ ትገባና በሁለቱ መካከል ዝቅ ብላ ትወጣለች። ከመሳቧ በፊት ክሩ ከመርፌዋ ጫፍ ሥር መተኛት አለበት። ሁሉ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ክሩ ከሥሯ ካልተኛ ቀለበቱ አይያዝም። ሲሳብ መሃሉ ወደ ታች የተጎተተ ጎባጣ መስመር ይሆናል። ቀጥሎ ያው ነገር በስተግራ ይደገማል፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። አሥር ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ጨርቁ ላይ እንደ ላባ ግራና ቀኝ የሚያበቅል ሐረግ ይታያል።

አሁን መርፌዋ የምትገባበትን ቦታ ብቻ እንቀይር። ክሩ በወጣበት በዚያው ቀዳዳ ተመልሳ ብትገባ የሰንሰለት ስፌት ይሆናል። ሰንሰለቱ ሳይቀጥል እያንዳንዱ ቀለበት ጫፉ ላይ ለብቻው ቢታሰር የአበባ ቅጠል ይወጣዋል፤ አምስቱ ክብ ሠርተው ቢቆሙ አበባ ነው። መርፌዋ እንደ አጥር ችካል ቀጥ ብላ ወደ ጨርቁ ጠርዝ ብትወርድ ደግሞ የቁልፍ ቀዳዳ የሚዘመዘምበት ስፌት ይሆናል፤ ተራርቆ ሲሠራ የብርድ ልብስ ጠርዝ የሚያዝበት እሱው ነው። ከቀኝም ከግራም ወደ መሃል እያየች ብትገባ በቀርጤስ ደሴት ስም የሚጠራው ስፌት ይወጣል። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የእጁ እንቅስቃሴ አንድ ነው። ጀማሪ ሃምሳ ስም ከመሸምደድ ይህችን አንዲት ቀለበት በደንብ ቢይዝ ይሻለዋል።

ከቀለበት ቤተሰብ ውጭ ያሉት ብዙ አያስቸግሩም። የዓሣ አጥንት የሚመስለው ስፌት በሁለት ትይዩ መስመሮች መካከል እየተሻገረ ጫፍ ጫፉ ላይ የሚቋረጥ ነው። የሚያስለቅሰው የፈረንሳይ ቋጠሮ የሚባለው ነው። ክሩ መርፌዋ ላይ አንዴ ወይም ሁለቴ ይጠመጠምና መርፌዋ ወደ ጨርቁ ትመለሳለች። በዚያው ቀዳዳ ከተመለሰች ቋጠሮው ሾልኮ ወደ ጀርባ ይጠፋል፤ አንድ ወይም ሁለት የጨርቅ ክር አልፋ ስትገባ ግን ላይ ይቀመጣል። ክሩም እስኪያልፍ ድረስ በሌላኛው እጅ ወጠር ተደርጎ መያዝ አለበት።

የድሪቶው ጠላፊዎች ጥበብ እነዚህን መደራረብ ነበር። መጀመሪያ የላባው ሐረግ መጋጠሚያውን ተከትሎ ይሄዳል። ከዚያ በየቅርንጫፉ ጫፍ ቋጠሮ፣ ከቋጠሮው ሥር በሌላ ቀለም ሁለት የሰንሰለት ቅጠል። ሦስቱም ቀላል ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሰው ከየት ተጀምሮ የት እንዳለቀ ግራ ይገባዋል።

ቤት ውስጥ ልሞክር ለሚል ሰው ዕቃው ውድ አይደለም። ገበያ ላይ ያለው የጥልፍ ክር ብዙውን ጊዜ ስድስት ቀጫጭን ክሮች አብረው የተጠመዘዙበት ነው፤ ስድስቱን እንዳለ መርፌ ውስጥ መክተት የጀማሪ ስህተት ነው። ለቀጭን ጥልፍ ሁለቱን፣ ደመቅ እንዲል ሦስቱን ለይቶ ማውጣት ይበቃል። የክሩ ርዝመት ከጣት ጫፍ እስከ ክርን ቢሆን መልካም ነው፤ ከረዘመ ይቋጠራል፣ ይሻክራል። ለድሪቶው መደብ የሚሆን አቡጀዲ ይዘጋጅና መሃሉ ላይ አምስት ማዕዘን ያለው ቁራጭ ይቀመጣል። ሁለተኛው ቁራጭ ፊቱ ከፊቱ ጋር ተገናኝቶ በአንዱ ጎን ይሰፋና ይገለበጣል፤ እንዲህ እየተዞረ እስከ ዳር ይደርሳል። አሮጌ ክራባት፣ ከቀሚስ የተረፈ ጥለት፣ ከፋይ፣ ሁሉም ይገባል። ጥልፉ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ሐር የሚገዛ ግን አንድ ታሪክ ይወቅ። ጥሬ ሐር ሙጫው ታጥቦ ሲወጣለት ከክብደቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ሐር በሚዛን ይሸጥ ስለነበር የ19ኛው መቶ ዘመን አምራቾች የጎደለውን ለመሙላት ጨርቁን የቆርቆሮና የብረት ጨው ባለበት ውሃ ይነክሩት ነበር። በርበሬ ውስጥ ሸክላ ከሚደባልቅ ነጋዴ የሚለዩት በኬሚስትሪ ብቻ ነው። ክብደት የተጨመረበት ሐር ለእጅ ሞላ ይላል፤ ዓመታት ሲያልፉ ግን እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰነጠቃል። ስለዚህ በብዙ የዚያ ዘመን ድሪቶዎች ላይ ቁራጩ ረግፎ ከሥሩ አቡጀዲው ይታያል፤ የላባው ሐረግ ግን ክሩ ሳይጎዳ እንደ ድልድይ በባዶው ላይ ተዘርግቶ ቀርቷል።

የጄን ቦስቶክ ጨርቅ ባለበት በዚያው የለንደን ሙዚየም ከመቅደላ የተወሰደ አንድ የጥጥ ቀሚስም አለ። በሐር የተጠለፈ ነው፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ልብስ ነበር። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ በማግሥቱ ዓመት ወደ ሙዚየሙ ገባ፤ በ2018 ደግሞ 150ኛ ዓመቱ ምክንያት ሆኖ ከሌሎች የመቅደላ ዕቃዎች ጋር ለሕዝብ ታየ። ቀሚሱ የሚታወቀው በለባሿ ስም ነው እንጂ በጠላፊው አይደለም። የእንግሊዟ ጄን ግን ከ400 ዓመት በኋላም በስሟ የምትጠራው ስሟንና ዓመቱን በመርፌ ስለጻፈች ብቻ ነው።

እናም ጥልፉን የጨረሰ ሰው ክሩን ከመበጠሱ በፊት ከጨርቁ በአንዱ ጥግ፣ በሰንሰለትም ይሁን በመስቀለኛ ስፌት፣ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ይጥለፍበት።