ለኮመጠጠ መሬት ከማዳበሪያ በፊት ኖራ

ማሳው በሚገባ ታርሶና ታርሞ፣ ማዳበሪያውም በወቅቱ ተጨምሮ ሳለ ገብሱ ቀጭጮ፣ ባቄላውም ቢጫ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ገበሬው በመጀመሪያ ዘሩን ወይም ማዳበሪያውን ይጠረጥራል። ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይናደጋ ግን ብዙ ጊዜ የችግሩ ምክንያት የአፈሩ መኮምጠጥ ወይም አሲዳማነት ሆኖ ይገኛል።

በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል። በአዊ ባንጃ፣ በምሥራቅ ጎጃም ጎዛምን፣ በምዕራብ ወለጋ ነጆ፣ በጋሞ ጨንቻ ችግሩ በጉልህ ከሚታይባቸው አካባቢዎች መካከል ናቸው።

አፈር የሚኮመጥጠው እንዴት ነው? ኃይለኛ ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዥየምን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች አጥቦ ይወስዳል። ገለባው ከማሳ ሲነሣ፣ ኩበቱም ለማገዶ ሲውል በምትካቸው ወደ አፈሩ የሚመለስ አይኖርም። ዩሪያን የመሳሰሉ ማዳበሪያዎች ለብዙ ዓመታት ሳይቋረጡ ሲጨመሩ ደግሞ ኮምጣጣነቱ ይብሳል። የአሲዳማነት መለኪያ የሆነው ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል፤ ፎስፈረስንም ይዞ ስለሚያስቀር ለማዳበሪያ የወጣው ገንዘብ ከንቱ ይሆናል።

ጉዳቱ በአንድ ማሳ ተወስኖ አይቀርም። ቡቃያው ሲሳሳ የተራቆተውን ተዳፋት ጎርፍ ይጠርገዋል፤ ደለሉም ከታች ያለውን ወንዝ ያደፈርሳል። በአዊ ብዙ ገበሬዎች ማሳቸውን ዲከረንስ በተባለው ዛፍ ሸፍነው ከሰል ወደ ማክሰል ዞረዋል። የከሰሉ ገንዘብ ቤት ቢደጉምም ቀድሞ ከማሳ ይገኝ የነበረውን እህል ከገበያ መሸመት ግድ ይሆናል።

መድኃኒቱ ለእርሻ የተፈጨ ኖራ ነው። መጠኑ በአፈር ምርመራ የሚወሰን ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል ይደርሳል። ዘር ከመዘራቱ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በማሳው ላይ እኩል ተበትኖ፣ በእርሻ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት። ከዩሪያ ጋር በአንድ ጊዜ መጨመር ግን አይገባም። በሚገባ የተሠራበት ማሳ ለተከታታይ ዓመታት ይጠቀማል።

ይህን ያህል ኖራ ማጓጓዝ አንድ ገበሬ ብቻውን የሚወጣው ሥራ ባለመሆኑ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከወዲሁ በዕቅድ ሊይዙት ይገባል። አዝመራው እንደተሰበሰበ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ የተጠረጠሩት ማሳዎች ተመዝግበው የአፈር ናሙና በልማት ሠራተኛው በኩል ለምርመራ ይላክ። ኖራው ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ክፉኛ ለተጎዱት ማሳዎች ቅድሚያ ይሰጥ። የቀሩት ፍግና ብስባሽ ለብሰው፣ ኮምጣጣ አፈር በሚችሉት በድንች፣ በአጃና በግብጦ ይሸፈኑ።

የሚያስፈልገው ኖራም መንገዱ ሳይጨቀይ፣ ሚያዝያ ሳያልፍ ከቀበሌው መድረስ ይኖርበታል። በሰኔ የመጣ ኖራ ለዚያ ዓመት ገብስ አይደርስለትም።