ፋይል ሲጠፋባችሁ መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ!

ዛሬ የምንነግራችሁ የጠፋ የኮምፒውተር ፋይል እንዴት እንደሚገኝ ነው። ይህን ርዕስ የመረጥነው ክበባችን ራሱ ስለደረሰበት ነው።

የክበባችንን ኮምፒውተር ፓስዎርድ የሚያውቀው አምና 8ኛ ክፍልን ጨርሶ የሄደው ጸሐፊያችን ብቻ ነበር። ዘንድሮ ልንከፍተው ብንል እምቢ አለን። አንዳችን «እኔ አውቃለሁ» ብሎ ሪሴት አደረገው። ተከፈተ፤ ውስጡ ግን ባዶ! የወላጆች ቀን ፎቶዎች፣ የድራማ ጽሑፎች፣ ዘበኛችን አባባ አገራቸው ከመግባታቸው በፊት ስለ ትምህርት ቤታችን የነገሩን የድምፅ ቅጂ፣ ሁሉም የለም። እኛም ባዶ ነው ብለን ዘፈንና ፊልም ጫንንበት።

የአይሲቲ መምህራችን ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ያሉት «አሁኑኑ አጥፉት!» ነው። ለምን መሰላችሁ?

ፋይል ሲጠፋ ምን ይሆናል?

ሃርድ ዲስክን እንደ ትልቅ ደብተር አስቡት። ደብተሩ የትኛው ጽሑፍ የት ገጽ ላይ እንዳለ የሚናገር ማውጫ አለው። ፋይል ስናጠፋ ብዙ ጊዜ የሚሰረዘው ማውጫው ላይ ያለው ስም ነው። ገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ እዚያው ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን «ይህ ቦታ ነፃ ነው» ብሎ ይይዘዋል። አዲስ ነገር ስንጭን በላዩ ላይ ይጽፍበታል። ያን ጊዜ በቃ፣ የድሮው አይመለስም። እኛም በዘፈኑ የራሳችንን ፋይል እየቀበርን ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ፓስዎርድ ስለረሳችሁ ፋይላችሁ አልጠፋም። ዊንዶውሱ የተከፈተው በኢሜይል ከሆነ በሌላ ስልክ ኢንተርኔት ገብታችሁ ፓስዎርዱን መቀየር ይቻላል።

2. ሪሴት ግድ ከሆነ ሁለት ምርጫ ይመጣል፦ አንዱ ፋይሎቼ ይቆዩ፣ ሌላው ሁሉም ይጥፋ የሚል ነው። ሳታነቡ አትንኩ! እኛ የነካነው ሁለተኛውን ነው።

3. ከጠፋ በኋላ ምንም አትጫኑ። ኮምፒውተሩን አጥፉት።

4. ቅጂ ፈልጉ። ፍላሽ ላይ፣ ኢሜይል ውስጥ፣ ለጓደኛ በቴሌግራም የላካችሁት ሊኖር ይችላል።

5. ካልተገኘ የሚያውቅ ሰው ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰካውና እንደ ሬኩቫ ወይም ፎቶሬክ ባለ ነፃ ሶፍትዌር ይፈልጋል። የተገኘው የሚቀመጠው በሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ ነው። እዚያው ላይ ከተቀመጠ ገና ያልተገኘውን ይደመስሰዋል።

ሁልጊዜ ግን አይሳካም። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ የዲስክ ዓይነት ነፃ የተባለውን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። የአሁን ስልኮችም ፋይሉን በቁልፍ ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት። ሪሴት ሲደረጉ ቁልፉ አብሮ ስለሚጠፋ ቅጂ ከሌለ ተስፋ የለም።

የእኛስ?

ኮምፒውተራችን አሮጌ፣ ሃርድ ዲስክ ያለው ስለሆነ መምህራችን ብዙዎቹን ፎቶዎች በፎቶሬክ አገኙልን። ስማቸው ስለጠፋ አንድ በአንድ እያየን «ይሄ የወላጆች ቀን ነው፣ ይሄ የስፖርት ውድድር ነው» እያልን ለየናቸው። የአባባ ድምፅ ግን አልተገኘም። ዘፈኑ ሳይጻፍበት አልቀረም። ሪሴት ያደረገውን ልጅ አልተቆጣነውም፤ ዘፈኑን የጫንነው ሁላችንም ነና።

አሁን ፓስዎርዱ በወረቀት ተጽፎ በኃላፊ መምህራችን መሳቢያ ተቆልፎበታል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ሥራችንን ሁለት ፍላሽ ላይ እንገለብጣለን፤ አንዱ ክበቡ ጋ፣ አንዱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? እናንተም ዛሬውኑ ቅጂ ያዙ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!