የትናንሽ አውሮፕላኖች ማሞቂያና ከማርሚታ የሚመጣው ስውር አደጋ

አዲስ አበባ፡- በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም ከጅቡቲ የተነሣች አንዲት ፖቴዝ 25 አውሮፕላን ከዛሬው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ አለፍ ብሎ በሚገኘው የገፈርሳ ሜዳ ላይ አረፈች፡፡ ይህቺ አውሮፕላን በኢትዮጵያ ምድር ለማረፍ የመጀመሪያዋ ስትሆን፣ ያበረራትም አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር፡፡ የአብራሪው መቀመጫ ክፍት በመሆኑ በክረምቱ እምብርት ከነፋስና ከብርድ የሚከላከለው የለበሰው ልብስ ብቻ ነበር፡፡

ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን በአገር ውስጥ ለመሥራት የተደረጉ ጥረቶች አሉ፡፡ በ1928 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተሠራችውና በጣሊያን ተወስዳ የቆየችው "ፀሐይ" በጥር 2016 ዓ.ም ወደ አገሯ ተመልሳለች፡፡ በ2007 ዓ.ም ደግሞ አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ኢትዮጵያዊ በ570 ቀናት ውስጥ በራሱ የሠራትንና ኬ-570ኤ ብሎ የሰየማትን አነስተኛ አውሮፕላን ለሙከራ አቅርቧል፡፡ የአውሮፕላኗ ሞተር 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የቮልስዋገን ሞተር ነበር፡፡ በግል የሚሠሩ አውሮፕላኖች በሌሎች አገሮች በብዛት የሚበሩ ሲሆን፣ ሠሪዎቻቸውን ከሚያስቸግሩ ጉዳዮች አንዱ የመቀመጫውን ክፍል እንዴት ማሞቅ ይቻላል የሚለው ነው፡፡

በኢትዮጵያ ደጋ አገር ብርዱ የሚመጣው ከወቅቱ ይልቅ ከከፍታው ነው፡፡ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል፡፡ የአየሩ ሙቀት በየ1 ሺህ ሜትሩ በአማካይ 6 ነጥብ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀንስ፣ በምድር ላይ 15 ዲግሪ ሆኖ የተነሣ አውሮፕላን 1 ሺህ 500 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ሙቀቱ ወደ 5 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፡፡ በየቀዳዳው የሚገባው ነፋስ ሲታከልበት የአብራሪው ጣት ይደነዝዛል፣ ውሳኔውም ይዘገያል፡፡

የቮልስዋገንን መኪና የሚያውቅ የመዲናዋ ነዋሪ የማሞቂያውን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም፡፡ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር እንጂ በውሃ ባለመሆኑ ራዲያተር የለውም፡፡ ስለሆነም ሙቀቱ የሚገኘው ከጭስ ማውጫው ነው፡፡ በአውሮፕላንም እንዲሁ ማርሚታው በላሜራ ይከበባል፤ ከውጭ የገባው ንጹህ አየር በማርሚታውና በላሜራው መካከል ሲያልፍ ይሞቅና በቱቦ ወደ መቀመጫው ክፍል ይገባል፡፡ ቀላል፣ ርካሽና ነዳጅ የማይጨምር ዘዴ ነው፡፡

ይሁን እንጂ አየሩንና ጭሱን የሚለየው አንድ ስስ ብረት ብቻ ነው፡፡ በሙቀትና በንዝረት ብዛት ብረቱ ወይም ብየዳው ሲሰነጠቅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሞቀው አየር ጋር ይቀላቀላል፡፡ ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፡፡ በኮልፌ ቀራንዮም ሆነ በሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች በክረምት ከሰል አንድዶ በርና መስኮት ዘግቶ የሚተኛን ሰው ለሞት የሚዳርገውም ይኸው ጋዝ ነው፡፡ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ ጥቂቱ ብዙ ይጎዳል፡፡ በከፍታ ላይ ያለው ኦክስጅን አስቀድሞም ያነሰ በመሆኑ ጉዳቱ ይከፋል፡፡ ራስ ምታቱና ድብታውም በቀላሉ የድካም ምልክት ሊመስል ይችላል፡፡

በጥር 2011 ዓ.ም አርጀንቲናዊውን የእግር ኳስ ተጫዋች ኤሚሊያኖ ሳላን ይዛ ከፈረንሳይ ወደ ዌልስ ስትበር ባሕር ላይ የወደቀችው ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ጉዳይ ለዚህ አብነት ነው፡፡ በሟቹ ደም ውስጥ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘው ሄሞግሎቢን 58 በመቶ ደርሶ ነበር፡፡ የእንግሊዝ የአየር አደጋ መርማሪዎችም አብራሪው በጋዙ ሳይጎዳ እንዳልቀረ በ2012 ዓ.ም ባወጡት ሪፖርት ገልጸዋል፡፡

በመሆኑም ማሞቂያ ከመግጠም በፊት ብርዱ የሚገባበትን መዝጋት ይቀድማል፡፡ ብዙ ሠሪዎች የሚዘነጉት ጅራቱን ነው፡፡ አውሮፕላኑ ሲበር በመቀመጫው ክፍል ያለው ግፊት ከውጭው ሊያንስ ስለሚችል፣ ቀዝቃዛው አየር ከኋላ በጅራቱ ባዶ አካል በኩል ወደ ፊት ይሳባል፡፡ ከመቀመጫው ጀርባ ጨርቅ ወይም ስስ ግድግዳ መጋረድ ማሞቂያ ከመጨመር የተሻለ ውጤት የሚሰጥበት ጊዜ አለ፡፡ ሞተሩን ከአብራሪው በሚለየው ግድግዳ ላይ ለሽቦና ለኬብል የተበሱ ቀዳዳዎች ደግሞ እሳት በሚችል ማሸጊያ መደፈን አለባቸው፤ የሚገባባቸው ብርድ ብቻ ሳይሆን ጭስም ጭምር ነውና፡፡ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሰደርያም አማራጭ ነው፤ የአነስተኛ ሞተር ዲናሞ ግን ብዙ አይሸከምም፡፡ እንደ ሮታክስ 912 ያሉ፣ ከፊል አካላቸው በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተሮች የሙቅ ውሃውን ሙቀት በትንሽ ራዲያተር ወደ ውስጥ ማስገባት ስለሚያስችሉ ከማርሚታው ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም፡፡

በማርሚታ የሚሞቅ አውሮፕላን የሚመረምር ባለሙያ ላሜራውን ሳያወልቅ ውስጡን አይቻለሁ ሊል አይችልም፡፡ ስንጥቁ የሚደበቀው ከላሜራው ሥር ነው፡፡ ላሜራው ከተነሣ በኋላ ወደ ጭስ ማውጫው አነስተኛ የአየር ግፊት እየነፉ ብየዳውን የሳሙና ውሃ መቀባት ይቻላል፡፡ አረፋ የታየበት ቦታ ቀዳዳ አለው፡፡ ጋዙ መኖሩን በድምፅ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያም በአብራሪው ፊት መገጠም ይገባዋል፡፡ መሣሪያው ሲጮህ ወይም ራስ ምታት ሲሰማ ማሞቂያውን መዝጋት፣ የውጭ አየር ማስገቢያውን መክፈትና በቅርብ ወዳለው ማረፊያ መውረድ ያስፈልጋል፡፡

ካረፉ በኋላም ጋዙ ወዲያው ከደም አይወጣም፡፡ ተራ አየር በሚተነፍስ ሰው ግማሹ እንዲወጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት የሚወስድ ሲሆን፣ በሕክምና ተቋም ንጹህ ኦክስጅን ሲሰጥ ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል፡፡