ኤሲው የት ተደበቀ?

ጠጋ በሉ፤ ይህን ጮክ ብዬ አላወራውም።

እኔ የምውለው አሜሪካ ውስጥ፣ አሮጌ ተጎታች ቤቶች በሚታደሱበት ጋራዥ ነው። ያቺን እንደ መስታወት የምታብረቀርቅ ኤርስትሪም በፎቶ ሳታዩዋት አትቀሩም። አገራችንንም ታውቃለች፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ከኬፕታውን ወደ ካይሮ የተነሳው የ41 ተጎታቾች ጉዞ አዲስ አበባን ሲረግጥ ጃንሆይ ተጓዦቹን ተቀብለዋቸዋል።

እኛ ያደስናት አንዷ ዕድሜዋ 60 ዘሏል፤ ጣሪያዋ ግን እንደ እንቁላል ልሙጥ። አንድም የኤሲ ሣጥን የለበትም። አሪዞና በሐምሌ እሳት ናት፤ ባለቤትየው ግን በቀትር ውስጧ ተቀምጦ ትኩስ ቡና ይጠጣል። ታዲያ ኤሲው የታለ?

አልጋው ሥር! ሙቁን አየር በወለሉ ቀዳዳ ወደ ምድር ይተፋል፤ ቀዝቃዛው በቁም ሣጥኑ ጀርባ ሾልኮ ከላይ ይወጣል። እንግዳ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ እኛ እንጠቃቀሳለን።

ጣሪያ ላይ ለምን አልተጫነም? እሱም ጉድ አለው። የጣሪያ ኤሲ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሌሎቹን እዩ፤ በእንጨት የተዋቀሩት፣ ሻስታ የሚባሉት የ1950ዎቹ ትንንሽ ተጎታቾች ይህን ሲሸከሙ ጣሪያቸው ቀስ በቀስ ይሰረጉዳል። ዝናብ ይተኛበታል። ከዚያማ እንጨቱ እንደ እርጥብ ዳቦ ነው፤ በጣቴ ፈርፍሬዋለሁ።

ዋናውን ምስጢር ገና አልነገርኳችሁም። ቅዝቃዜው ከኤሲው አይደለም የሚጀምረው። ከግድግዳው ነው! የውስጡን አሉሚኒየም ስንፈታው ያ ሁሉ ውበት የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ በውሃ የበሰበሰ የመስታወት ጥጥ፣ መሃሉ ላይ የአይጥ ጎጆ። ይህን ሳይቀይሩ 13,500 ቢቲዩ የማቀዝቀዝ አቅም ያለው ኤሲ ቢገጥሙ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል እንጂ አያበርድም። አሮጌውም ሽቦ አይችለውም፤ ለብቻው የ20 አምፔር መስመር እንዘረጋለታለን።

ማሞቂያውስ? ያ የሚያምረው አሮጌ የጋዝ ምድጃ ለዓይን ብቻ ነው። ወደ እሱ የሚሄደውን የጋዝ መስመር ቆርጠን ደፍነነዋል። እዚህ ላይ አልደራደርም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ገዳይ ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። የሚያሞቀው ሌላው ነው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የተሸሸገው፤ ለእሳቱ የሚሆነውን አየር ከውጭ ይስባል፣ ጭሱንም ወደ ውጭ ይሰዳል። አንድ አመል ብቻ አለው፦ ማራገቢያው ባትሪ ይበላል። ባትሪው ከደከመ፣ የፕሮፔን ጋዙ ሙሉ ሆኖ ሳለ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በብርድ ትነቃላችሁ።

ልትገዙ ከሄዳችሁ ቀትር ላይ ሂዱ። ሻጩ ስለ ኤሲው ሲያወራላችሁ መዳፋችሁን የውስጡ ግድግዳ ላይ አሳርፉ። ካቃጠላችሁ፣ ያ ግድግዳ አልተከፈተም።