የመሰላሉ ፓርቲ፦ የኬረላ ሙስሊሞች በድምፃቸው ምን ሠሩ?



በቅርቡ ከዒሻ በኋላ ዶርም ቁጭ ብለን ስለ ህንድ ሙስሊሞች ስናወራ አንድ ጓደኛችን «ሙስሊም ሊግ እኮ ፓኪስታንን ይዞ ሄደ፤ ህንድ ውስጥ ምን ቀረ?» ሲል ጠየቀ። እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር። ሳነብ ግን የቀረ ነገር እንዳለ አገኘሁ። በደቡብ ምዕራብ ህንድ፣ ኬረላ በሚባለው ክልል፣ «የህንድ ኅብረት ሙስሊም ሊግ» የተባለ ፓርቲ ስሙን ሳይደብቅ ዛሬም ይወዳደራል፤ ያሸንፋልም። ታሪኩ ቁጥሩ አነስተኛ የሆነ ሕዝብ በድምፁ ምን ማግኘት እንደሚችልና ምን እንደሚያስከፍለው ያሳያል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከክፍፍሉ ማግስት

የመላው ህንድ ሙስሊም ሊግ በ1906 ዳካ ላይ ተመሠረተ፤ በኋላም የፓኪስታንን ጥያቄ መርቶ በ1947 አገሪቱ ተከፈለች። ህንድ ውስጥ የቀሩት ሙስሊሞች ደግሞ በጥርጣሬ ዓይን ይታዩ ጀመር። በመጋቢት 1948 የሊጉ ቀሪ መሪዎች ማድራስ ከተማ ተሰበሰቡ። «ይህ ስም ጣጣ ያመጣብናል፤ እናፍርሰው» የሚል ሐሳብ ነበር። ሙሐመድ ኢስማዒል ግን ፓርቲው የህንድን ሕገ መንግሥት ተቀብሎ፣ የህንድ ፓርቲ ሆኖ ይቀጥል አሉ። ሐሳባቸውም አሸነፈ።

በሰሜን ህንድ ፓርቲው ከሞላ ጎደል ጠፋ። ሥር የሰደደው በማላባር ጠረፍ፣ ማፒላ በሚባሉት ሙስሊሞች ዘንድ ነው። እስልምና ለእነሱ የደረሰው በባሕር፣ ከዐረብ ነጋዴዎች ጋር ነው። በ1921 በእንግሊዝና በመሬት ከበርቴዎች ላይ ተነሥተው ሺዎች አልቀዋል፤ ብዙዎችም ተግዘዋል። ከዚያ በኋላ የቀረላቸው ድህነትና የትምህርት እጦት ነበር።

የቁጥሩ ሒሳብ

በ2011 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከኬረላ ሕዝብ ሂንዱዎች 55 በመቶ፣ ሙስሊሞች 27 በመቶ፣ ክርስቲያኖች 18 በመቶ ገደማ ናቸው። ፖለቲካው ደግሞ በሁለት ጎራ ይመራል፤ አንዱን ኮንግረስ፣ ሌላውን ኮሚኒስቶች ይመሩታል። በሁለቱ መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። ስለዚህ ጥቂትም ቢሆን የማይናወጥ ወንበር ያለው ፓርቲ ተፈላጊ ይሆናል። ሊጉ በ2021 ምርጫ ከ140 ወንበሮች ያገኘው 15 ብቻ ነው፤ ግን በጎራው ውስጥ ከኮንግረስ ቀጥሎ ትልቁ ፓርቲ ነበር።

የፓርቲው የምርጫ ምልክት መሰላል ነው። ምሕንድስና ለሚማር ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፦ መሰላል ብቻውን አይቆምም፤ የሚደገፍበት ግድግዳ ይፈልጋል። በ1960 ሊጉ ኮንግረስን ደግፎ ኮሚኒስቶች ሲሸነፉ፣ ኮንግረስ የሚኒስትር ቦታ ነፈገው፤ የተሰጠው የአፈ ጉባኤ ወንበር ብቻ ነበር። በ1967 ደግሞ ከኮሚኒስቶቹ ጋር ተሰልፎ መንግሥት ውስጥ ገባ።

መጀመሪያ የጠየቁት

ለእኛ ለተማሪዎች ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። ሊጉ ሥልጣን ሲያገኝ የያዘው የትምህርት ሚኒስቴርን ነው። ሚኒስትሩ ሲ. ኤች. ሙሐመድ ኮያ ነበሩ። በ1968 የካሊከት ዩኒቨርሲቲ በማላባር ተከፈተ። በ1969 ሙስሊሞች የሚበዙበት የማላፑራም አውራጃ ተቋቋመ፤ ተቃዋሚዎች «ትንሿ ፓኪስታን» እያሉ ጮኹ። ሲ. ኤች. በ1979 ለሁለት ወር ላልሞላ ጊዜ የክልሉ ዋና ሚኒስትር እስከመሆን ደርሰዋል።

በ2011 በማላፑራም ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ከ93 በመቶ በላይ ነበር፤ ከክልሉ አማካይ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም። ይህ የሊጉ ሥራ ብቻ ነው ማለት ግን ሐቅ አይሆንም። የኮሚኒስት መንግሥታት፣ የዑለማኦች ማኅበራት ትምህርት ቤቶችና ከገልፍ አገሮች የተላከው ገንዘብ ሁሉ ድርሻ አላቸው።

በ1980 ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የዐረብኛን ትምህርት ያዳክማል የተባለ ደንብ ወጣ። ሐምሌ 30 ቀን ማላፑራም ላይ የሊጉ ወጣቶች ሰልፍ ወጡ፤ ፖሊስ ተኩሶ ሦስቱ ሞቱ። መንግሥትም ደንቡን ተወው። ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ ሲመላለስ እንዳደገ ሰው እዚህ ጋ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። እኔ ሁለት ቦታ የተማርኩትን እነሱ በአንድ ክፍል ውስጥ ለማቆየት ሞተውበታል።

ያስከፈለው ዋጋ

ታኅሣሥ 6 ቀን 1992 የባብሪ መስጂድ ሲፈርስ ኮንግረስ ዴልሂ ላይ ሥልጣን ይዞ ነበር፤ ሊጉም ኬረላ ውስጥ የኮንግረስ አጋር ነበር። የፓርቲው መሪ ሰይድ ሙሐመድ ዓሊ ሺሃብ ታንጋል ሕዝቡ እንዲረጋጋ፣ በአጸፋ ማንንም እንዳይነካ ጠየቁ። ሌሎች የህንድ ከተሞች በደም ሲታጠቡ ኬረላ በአመዛኙ ሰላም ሆና አለፈች። ሆኖም «መስጂዳችንን ካላዳነ ፓርቲ ጋር እንዴት እንቀመጣለን?» ያሉም ነበሩ። አንጋፋው መሪ ኢብራሂም ሱለይማን ሰይት ወጥተው በ1994 ሌላ ፓርቲ አቋቋሙ። የሁለቱም ወገን ስሜት ይገባኛል። ግድግዳው ሲሰነጠቅ መሰላሉ ላይ ያለ ሰው መውረዱም መቆየቱም ይከብደዋል።

ሌላው ዋጋ ከውስጥ የመጣ ነው። በ2021 ሊጉ ለክልሉ ምክር ቤት ሴት ዕጩ ሲያቀርብ ከ25 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር፤ እሷም አላሸነፈችም። በዚያው ዓመት «ሐሪታ» የተባለው የሴት ተማሪዎች ክንፍ አባላት በወንድ የተማሪ መሪዎች ተዋረድን ብለው ለሴቶች ኮሚሽን ሲያመለክቱ፣ ፓርቲው የእነሱን ኮሚቴ በተነ። ልጃገረዶችን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ፓርቲ፣ ተምረው ሲናገሩ መስማት አቃተው።

ጅዳ ወይም ዱባይ የሠራ ዘመድ ያላችሁ ከኬረላ ሰዎች ጋር የሠራ መሆኑን ልትሰሙ ትችላላችሁ። የሊጉ ደጋፊዎች በየገልፍ አገሩ ያቋቋሙት የኬረላ ሙስሊም የባህል ማዕከል የታመመን በማሳከም፣ የሞተን አስከሬን ወደ አገሩ በመላክ ይታወቃል። ፓርቲ በምርጫ ሰሞን ብቻ ሳይሆን በመከራም ቀን ሲገኝ ሰው አይረሳውም።

እንግዲህ ለዚያ ጓደኛችን መልሱ ይህ ነው። የቀሩት ሰዎች ቁጥራቸውን በትክክል ቆጠሩ፤ ከጎረቤታቸው ጋር ለመኖር ወሰኑ፤ ባገኙት ጉልበትም ከሁሉ በፊት ትምህርት ቤት ጠየቁ። የተሳሳቱበትን ደግሞ የራሳቸው ሴት ተማሪዎች ነገሯቸው። እኛም በየጀመዓችን ስንሰባሰብ መጀመሪያ የምንጠይቀው ምን እንደሆነና ከመካከላችን የማንን ድምፅ እንደማንሰማ እናስብበት።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም።