ውሃ ለምን ጎበጠ?

ክረምት ላይ ሩዝ ማሳ ውስጥ ገብታችሁ ጭቃውን ስትረግጡ ቡልቅ ቡልቅ የሚል አረፋ አይታችሁ ይሆናል። አረፋው ውስጥ ሜቴን የሚባል ጋዝ አለ። የውሃ ሞለኪውል ክብደት 18፣ የሜቴን 16 ነው። ያን ያህል አይበላለጡም። ታዲያ ለምን ውሃው ማሳው ላይ ተኝቶ ሜቴኑ በኖ ይሄዳል?

ነገሩ ያለው ቅርጹ ላይ ነው። አተሞች የሚያያዙት በጥንድ ኤሌክትሮኖች ነው። ኤሌክትሮን ሁሉ ኔጌቲቭ ስለሆነ ጥንዶቹ ይገፋፋሉ፤ የቻሉትን ያህል ይራራቃሉ። አራት ፊኛ ነፍታችሁ አንገታቸውን አንድ ላይ እሰሩ። እኔ ጠፍጣፋ መስቀል ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልሆነም! ሦስቱ እንደ ጉልቻ መሬት ያዙ፣ አራተኛው ወደ ላይ ቆመ። (አንዱ ፈንድቶ ሦስት ሲቀሩ ግን ጠፍጣፋ ሆኑ።) ሜቴን እንደ አራቱ ፊኛ ነው፤ መሐሉ ካርቦን፣ አራቱ ጫፍ ሃይድሮጅን፣ በመካከላቸው 109.5 ዲግሪ።

የውሃው ኦክስጅንም አራት ጥንድ አለው፤ ሃይድሮጅን የያዙት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሁለቱ ሥራ ፈቶች ሰፋ ያለ ቦታ ይዘው ሌሎቹን ይገፏቸዋል። ስለዚህ ውሃ 104.5 ዲግሪ ላይ ጎበጠ። በመጉበጡ የኦክስጅኑ ጎን ትንሽ ኔጌቲቭ፣ የሃይድሮጅኑ ጎን ትንሽ ፖዘቲቭ ሆነ፤ አንዱ የውሃ ሞለኪውል ሌላውን ይስባል። ሜቴን በሁሉም በኩል እኩል ስለሆነ ብዙም አይሳሳብም፤ ከዜሮ በታች 161 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይፈላል። ውሃ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ርብና ጉማራ አይሞሉም፣ ጣናም እንደዚያ አረፋ በኖ በጠፋ ነበር። ሩዙስ?